ቢላዋን የከለከለ ሕግ ደም መፋሰስን ይከለክላልን?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በሳውዝፖርት ከተማ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍታቸውን በውዝዋዜ ትምህርት ለማሳለፍ በተሰበሰቡ ሕፃናት ላይ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ቢላዋ ይዞ ገባባቸው። ሦስት ሴቶች ልጆች ሕይወታቸው አለፈ፤ የትልቋ ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ነበር። ሌሎች ሕፃናትና ሊከላከሉላቸው የሞከሩ ዐዋቂዎችም ክፉኛ ቆሰሉ። ሐዘኑ ከአንዲት ከተማ አልፎ የአገር ሐዘን ሆነ። ከሐዘኑም ጋር አንድ የቆየ ጥያቄ ዳግመኛ ተነሣ፤ ቢላዋ ለልጅ በዚህን ያህል በቀላሉ በእጁ የሚገባው እንዴት ነው? ሕጉስ የት ነበር?

ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ ሕጉ ይበልጥ ጠብቋል። አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ እገዳ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል፣ «ዞምቢ» በሚል ስም የሚታወቁ ለማስፈራራት የተሠሩ ረጃጅም ቢላዋዎችንና ተመሳሳይ ገጀራዎችን በቤት ማስቀመጥ እንኳ ወንጀል ሆነ። ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ «ኒንጃ» የሚባሉ ሰይፎች ታገዱ። መንግሥትም የቢላዋ ወንጀልን በዐሥር ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ቃል ገብቷል።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በለንደንና በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች በርካታ ምእመናን ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፤ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትም አሉን። የልጁን መዘግየት አይቶ በመስኮት አሻግሮ የሚመለከት ወላጅ፣ አዲሱ ሕግ ልጄን ይጠብቅልኛልን ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሕጉ ምን እንደሚል፣ የብዙ ዓመታት ተሞክሮው ምን እንደሚያስተምርና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የምንደርስበትን ነጥብ ከወዲሁ ለመናገር፣ ሕጉ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ብቻውን ደም መፋሰስን እንደቀነሰ የሚያሳይ ጽኑ ማስረጃ አልተገኘም። ጥሩ ውጤት የታየው ከሕግ አስከባሪው ጎን ወጣቱን በስሙ የሚፈልግ ሰው በቆመበት ቦታ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በብሪታንያ በአደባባይ መሣሪያ ይዞ መዘዋወርን የሚከለክለው መሠረታዊ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በ1959 እጀታው ሲጫን ስለቱ የሚወረወር ሰንጢ መሥራትና መሸጥ ተከለከለ። በ1988 የወጣው ሕግ ግን ከቀደሙት አንድ ርምጃ አልፎ ሄደ። ከዚያ በፊት ከሳሹ ዕቃው ለጉዳት የታሰበ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበት ነበር፤ ከ1988 ጀምሮ ግን ስለት ያለው ነገር በአደባባይ ይዞ መገኘቱ ብቻ ወንጀል ሆነ፤ በቂ ምክንያት እንዳለው የማስረዳቱም ሸክም በያዘው ሰው ላይ ወደቀ። በ1996 ክልከላው በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥም እንዲሠራ ተደረገ። ቢላዋ የሚሸጥለት ሰው ዝቅተኛ ዕድሜ በመጀመሪያ 16፣ በኋላም 18 ሆነ። ከፍተኛው ቅጣት ከሁለት ዓመት ወደ አራት ዓመት እስራት አደገ። በ2015 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ቢላዋ ይዞ የተገኘ ዐዋቂ ቢያንስ የስድስት ወር እስራት እንዲፈረድበት ተደነገገ። በ2019 የወጣው ሕግም በኢንተርኔት የሚፈጸመውን ሽያጭ ለመቆጣጠር የታሰበ ነበር።

ሕጉ የማያግዳቸውም አሉ። ስለቱ ከሦስት ኢንች (ከ7.62 ሴንቲ ሜትር) የማይበልጥ፣ ሲዘረጋ የማይቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ይፈቀዳል። ለሥራው ቢላዋ የሚይዝ ምግብ አብሳይ፣ በሃይማኖቱ ሥርዓት ኪርፓን የሚታጠቅ የሲክ እምነት ተከታይ፣ ከአገር ልብሱ ጋር አነስተኛ ጩቤ በካልሲው የሚሰካ የስኮትላንድ ሰው በሕጉ ጥበቃ አላቸው። «ራሴን ለመከላከል ነው» የሚል ምክንያት ግን ተቀባይነት የለውም። ይህን ብዙ ወጣቶች አያውቁትም፤ ከወላጆችም የማያውቁት ጥቂቶች አይደሉም።

አኃዞቹ ምን ይመሰክራሉ?

የሕጉን ፍሬ ለመመዘን ሦስት መዝገቦች አሉ። እነርሱም የፖሊስ፣ የሆስፒታልና የሟቾች መዝገብ ናቸው። የመጀመሪያውን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ፖሊስ በአንድ ወር ውስጥ ከቀድሞው እጥፍ ሰዎችን ቢፈትሽ ብዙ ቢላዋ ያገኛል፤ «ቢላዋ ይዞ መገኘት» የሚለው ወንጀልም በመዝገቡ ላይ ይበዛል። ይህ የፖሊስን ትጋት ያሳያል እንጂ ቢላዋ ያዡ መብዛቱን ብቻውን አያረጋግጥም። የቁስለኛና የሟች ቁጥር ግን ከፍተሻው ብዛት ጋር አይወጣም አይወርድም።

ይህን ይዘን ወደ አኃዞቹ እንግባ። በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ የመዘገባቸው በቢላዋና በሌላ ስለት የተፈጸሙ ወንጀሎች እስከ 2014 ድረስ ለጥቂት ዓመታት ሲቀንሱ ቆይተው በዓመት ወደ 25,000 ገደማ ወርደው ነበር። ከዚያ በኋላ አቅጣጫው ተለወጠ፤ የኮሮና ወረርሽኝ ሊገባ ሲል ቁጥሩ ከ45,000 በላይ ደረሰ። ከጭማሪው ከፊሉ የፖሊስ አመዘጋገብ በመሻሻሉ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ በስለት ተወግተው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች መዝገብም በዚያው ዘመን ጭማሪ አሳይቷል። እስከ መጋቢት 2018 በነበረው አንድ ዓመት በስለት የተገደሉት ሰዎች 285 ሲሆኑ፣ ይህም መዝገቡ ከተጀመረበት ከ1946 ወዲህ ከፍተኛው ነበር። እስከ መጋቢት 2024 ባለው ዓመትም 262 ሰዎች በስለት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ የወጡ አኃዞች መጠነኛ መቀነስ አሳይተዋል።

እንግዲህ የ1988ቱ ክልከላ ወንጀሉ ሲቀንስም ሲጨምርም ሳይነካ በቦታው ነበር። የ2015ቱ ቅጣት ማጥበቂያ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ አኃዙ መጨመሩን ቀጠለ። ከዚህ ተነሥተን ሕጉ ወንጀልን አበዛ ልንል አይገባንም፤ ባይኖር ኖሮ የባሰ ይሆን ነበር ብሎ መሟገትም ይቻላል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይለወጥ ሌላው ሲወጣና ሲወርድ ከታየ፣ የመውጣቱና የመውረዱ ዋና ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። በቅርቡ የታየውን መቀነስም ለአዲሶቹ እገዳዎች ብቻ ለመስጠት መቸኮል ያንኑ ስሕተት መድገም ይሆናል።

የሕጉ እጅ የሆነው አስቁሞ መፈተሽም ተመርምሯል። የለንደን ፖሊስ ከ2008 ጀምሮ በወጣቶች ላይ የደረሰውን ግድያ ተከትሎ በከተማዋ አንዳንድ ክፍሎች ፍተሻን እጅግ አብዝቶ ነበር። የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2016 ያወጣው ጥናት፣ ፍተሻ በጣም የበዛባቸውን ክፍሎች እምብዛም ካልበዛባቸው ጋር አነጻጽሮ በወንጀሉ መጠን ላይ የሚታይ ልዩነት አላገኘም። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት የለንደንን የዐሥር ዓመት መረጃ መርምሮ፣ ፍተሻ በወንጀል ላይ ያለው ውጤት ቢኖርም እጅግ ጥቂት መሆኑን ደምድሟል። በአንጻሩ ፍተሻው በሁሉም ላይ በእኩል አያርፍም። ጥቁር ወጣቶች ከነጮቹ በብዙ እጥፍ ይፈተሻሉ። ልጆቻችን ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ ያለ በደሉ ደጋግሞ የተፈተሸ ልጅም ችግር ሲገጥመው ወደ ፖሊስ ለመሄድ ያመነታል።

የወንጀል ተመራማሪዎች ለብዙ ዘመን ሲያስተውሉት የኖሩት አንድ ነገር አለ። ሰውን ከወንጀል የሚመልሰው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን እንደሚያዝ ማመኑ ነው። በኪሱ ቢላዋ የያዘ የ15 ዓመት ልጅ ከፍተኛው ቅጣት ሁለት ዓመት ይሁን አራት ዓመት አያሰላም። የሚያሰላው ዛሬ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲሄድ በመንገዱ ላይ ማን እንደሚጠብቀው ነው።

ሕግ የማይደርስባቸው ቦታዎች

ሕጉ ያልደረሰበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፤ የቀረው ሥራ ያለው በዚያ ነውና።

የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። ቢላዋ ለምን እንደያዙ የተጠየቁ ወጣቶች ደጋግመው የሚሰጡት መልስ «ሌሎቹ ስለሚይዙ» የሚል ነው። አንዱ ሌላውን ፈርቶ ይይዛል፤ ሌላውም እርሱን ፈርቶ ይይዛል። ቢላዋ የያዘ ሰው ደግሞ በሌላ ጊዜ በስድብና በቡጢ በሚያልቅ ጠብ ላይ ስለት ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም የገዛ ቢላዋው ተነጥቆ ይወጋበታል። ሕጉ ይህን ክብ ሊሰብር የሚችለው ወጣቱ «እኔ ብተወው ሌላውም ትቶታል» ብሎ ማመን ሲችል ነው። ይህን እምነት ደግሞ በጽሑፍ የተደነገገ ቅጣት ብቻውን አይሰጠውም።

ሁለተኛው ማድ ቤት ነው። አስፈሪ መልክ ያላቸውን ቢላዋዎች ማገድ ተገቢ ነው፤ ከማስፈራራትና ከመጉዳት በቀር ሌላ ጥቅም የላቸውምና። ይሁን እንጂ ዓይነቱ በታወቀ የስለት ግድያ ሁሉ ከማናቸውም ይልቅ በብዛት የሚገኘው ተራው የወጥ ቤት ቢላዋ ነው። ሽንኩርት የሚከተፍበትን ቢላዋ ደግሞ ከየቤቱ ሊያወጣ የሚችል አዋጅ የለም።

ሦስተኛው ቤት ራሱ ነው። በአደባባይ መያዝን የሚከለክል ሕግ ደጅ ላይ ይቆማል። ከሚገደሉት ሴቶች ግን ብዙዎቹ የሚገደሉት በቤታቸው ውስጥና በሚያውቁት ሰው፣ በባል ወይም በቀድሞ ባል፣ አለዚያም በቤተሰብ አባል እጅ ነው። በጎዳና ላይ ያለውን ወጣት ብቻ እያሰብን ስለ ቢላዋ ብንነጋገር እነዚህን እኅቶች እንረሳቸዋለን።

አራተኛው ሳውዝፖርት ያሳየን ነው። ገዳዩ 17 ዓመቱ ስለነበር ለእርሱ ቢላዋ መሸጥ ቀድሞውንም የተከለከለ ነበር፤ እርሱ ግን በኢንተርኔት ገዛ። ሰውየውም ያልታወቀ አልነበረም፤ ጽንፈኝነትን ለመከላከል ለተቋቋመው የመንግሥት መርሐ ግብር ሦስት ጊዜ ተጠቁሞ ነበር። ክልከላው ነበረ፣ ጥቆማውም ነበረ። የጎደለው የተጠቆመውን ልጅ ይዞ እስከ መጨረሻው የሚከታተል ሰው ነበር።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን የመሣሪያና የልብ ጉዳይ አብረው ያዩታል። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ላይ ማንም ወድቆ እንዳይሞት መከታ እንዲያደርግለት ያዝዛል (ዘዳ. 22፥8)። አደጋ ከመድረሱ በፊት መከላከል የሕግ ተግባር እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ የቢላዋ ሕግም እንዲህ ያለ መከታ ነው። ያው መጽሐፍ ደግሞ እንጨት ሊቆርጡ ወደ ዱር ስለ ሄዱ ሁለት ሰዎች ይናገራል። የአንዱ የምሳር ብረት ከእጀታው ወልቆ ጓደኛውን ቢገድለው፣ ጠላትነት እንዳልነበረው ታይቶ ወደ መማፀኛ ከተማ ይሸሻል፤ ሸምቆ የገደለ ግን መጠጊያ የለውም (ዘዳ. 19፥4-12)። ብረቱ ብረት ነው፤ ፍርዱን የለያየው ልብ ነው። ጌታችንም ግድያ ከልብ እንደሚወጣ አስተምሮ (ማቴ. 15፥19) በጌቴሴማኒ ደግሞ ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዝዞታል (ማቴ. 26፥52)። እጅንም ልብንም አልተወም።

የግላስጎው ተሞክሮ

ከእንግሊዝ በስተ ሰሜን ስኮትላንድ የራስዋ ሕግና ፍርድ ቤቶች አሏት፤ ስለዚህም ለንጽጽር ትጠቅማለች። ከሃያ ዓመት በፊት ትልቋ ከተማዋ ግላስጎው በምዕራብ አውሮፓ በግድያ ብዛት ስሟ የሚነሣ ነበረች። በሰፈር ስም የተደራጁ የወጣት ቡድኖች ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ጠብ በቢላዋ ይወጋጉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 የአካባቢው ፖሊስ ጆን ካርኖካንና ካሪን መክላስኪ የመሩትን የዓመፅ ቅነሳ ክፍል አቋቋመ። ሐሳባቸው ዓመፅን እንደ ተላላፊ በሽታ ማየት ነበር። በሽታ ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ ይጠናል፤ መነሻው ይፈለጋል፤ የተጋለጠው ሰው ሳይታመም በፊት ይደረስለታል። ይህ ማለት ሕግን መተው አልነበረም። ስኮትላንድ በእነዚያው ዓመታት ቢላዋ ይዞ በመገኘት የሚፈረደውን ከፍተኛ ቅጣት በየጊዜው ከፍ አድርጋ አምስት ዓመት አድርሳዋለች።

ከሥራቸው ሁሉ በብዛት የሚነገርለት በ2008 የተጀመረው ነው። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በ1990ዎቹ የተሞከረውን መንገድ ተከትለው የታወቁ የቡድን አባላትን ወደ ግላስጎው ፍርድ ቤት ጠሩ፤ ሊከሷቸው ሳይሆን ሊያነጋግሯቸው። በመጀመሪያ ፖሊስ ተነሥቶ ማን እንደ ሆኑ እንደሚያውቅ፣ ከዚህ በኋላ አንዱ ቢወጋ መላው ቡድን እንደሚታደን ነገራቸው። ቀጥሎ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቢላዋ በፊትና በሆድ ላይ የሚያደርሰውን አስረዳቸው። ከዚያ ልጇን ያጣች እናት ተናገረች። በመጨረሻም ሕይወታቸውን ለመለወጥ የፈለጉ የሚደውሉበት ስልክ ተሰጣቸው፤ በዚያም ሥራ፣ ሥልጠናና ከሱስ መላቀቂያ እንደሚያገኙ ተነገራቸው። በፕሮግራሙ የገቡት ወጣቶች መሣሪያ ይዘው የመገኘታቸው ነገር ካልገቡት በበለጠ እንደቀነሰ በኋላ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በሆስፒታሎችም ራሳቸው ከዚህ ሕይወት የወጡ ሰዎች በድንገተኛ ክፍል ተገኝተው፣ የተወጋው ወጣት ቂሙን ይዞ ከመውጣቱ በፊት በአልጋው አጠገብ ያነጋግሩት ጀመር።

በ2004/05 በስኮትላንድ ከ130 በላይ ሰዎች ተገድለው ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ይህ ቁጥር ከ60 በታች ወርዷል። ይህን ሁሉ በአንድ ክፍል ሥራ ብቻ የመጣ ማድረግ ትክክል አይሆንም፤ በዚያ ዘመን ግድያ በሌሎች አገሮችም ቀንሷል፣ የመጠጥና የአኗኗር ልማድም ተለውጧል። ነገር ግን እንግሊዝ ራስዋ ትምህርቱን ወስዳ ለንደንን ጨምሮ በብዙ አካባቢዎች ከ2019 ጀምሮ ተመሳሳይ ክፍሎችን ማቋቋሟ ብዙ ይናገራል። የግላስጎው ሰዎች ያደረጉት መልካም እረኛ ከሚያደርገው የራቀ አይደለም፤ መቶውን በጎች በጅምላ ከመጠበቅ አልፈው የጠፋውን አንዱን በስሙ ፈለጉት።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ባለ ሥልጣን ክፉ አድራጊን እንዲገታ የተሾመ መሆኑን ከሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ተምረናል (ሮሜ 13)። ስለዚህ ሕጉን ማክበርና ማስከበር የክርስቲያን ግዴታ ነው። ነገር ግን ሕጉ ከቆመበት ደጅ ወዲህ ያለው ሥራ የእኛ ነው።

በመጀመሪያ ወላጆች ሕጉን ይወቁ፣ ለልጆቻቸውም በግልጽ ይንገሩ። ራስን ለመከላከል ተብሎ ቢላዋ መያዝ ወንጀል መሆኑን፣ የጓደኛን ቢላዋ በቦርሳ ደብቆ መያዝም በያዘው ላይ እንደሚያስከስስ፣ በትምህርት ቤት ግቢ መያዝም ወንጀል መሆኑን ልጁ ከፖሊስ ሳይሆን ከአባቱና ከእናቱ ይስማ። ለዝክር ወይም ለበዓል ድፎ ዳቦ መቁረጫ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢላዋ የሚወስዱ እናቶችም፣ በቂ ምክንያት ያለው ሰው በሕጉ ጥበቃ ያለው ቢሆንም፣ ቢላዋውን በሚገባ ጠቅልለው ከምግቡ ጋር ቢያኖሩትና በቀጥታ ሄደው በቀጥታ ቢመለሱ ከብዙ ማስረዳት ይድናሉ።

ሁለተኛ፣ በልጇ ፍራሽ ሥር ቢላዋ ያገኘች እናት ምን ታድርግ? ብዙዎች በኀፍረትና በፍርሃት ዝም ይላሉ፤ ነገሩ በማኅበረሰቡ ዘንድ እንዳይሰማ፣ ልጁም እንዳይታሰር ይሰጋሉ። ዝምታው ግን ልጁን ፍርሃቱን ብቻውን እንዲሸከም ይተወዋል። አስቀድማ ማንን እንደሚፈራ ትጠይቀው፤ ከቁጣዋ በፊት ፍርሃቱን ትስማ። ቢላዋውን ለማስወገድ በብሪታንያ ከተሞች፣ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ሳይቀር፣ ማንም ስሙን ሳይጠየቅ የሚጥልባቸው የብረት ሣጥኖች ቆመዋል። ከዚያም ለንስሐ አባቱ፣ ለትምህርት ቤቱና ለሚመለከታቸው የወጣት አገልግሎቶች ታሳውቅ። ሰው በሕይወት ላይ ያለ አደጋን ካወቀ ደግሞ ለፖሊስ መንገር አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ የሁለት እናቶችን ልጆች ማዳን ነው።

ሦስተኛ፣ አጥቢያዎቻችን ሰዓታቸውን ያስቡ። በምሥራቅ ለንደን የሚገኘው ሮያል ለንደን ሆስፒታል ከ2004 እስከ 2014 በስለት ተወግተው የመጡለትን ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆነ ከ1,800 በላይ ሕሙማን መዝገብ የመረመሩ ሐኪሞች አንድ ልዩ ነገር አግኝተዋል። ከ16 ዓመት በታች ከሆኑት ልጆች ከአምስት አንድ ያህሉ የተወጉት በትምህርት ቀን ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት፣ በአገሬው አቆጣጠር ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የሚከፈቱት እሑድ ነው፤ የአደጋው ሰዓት ግን ማክሰኞና ሐሙስም ይመጣል፤ በዚያ ሰዓት ወላጆች በሥራ ላይ ናቸው፣ አዳራሾቻችንም ተቆልፈዋል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን በዚያ ሰዓት በሩን የሚከፍት፣ የቤት ሥራ የሚያግዝ፣ መዝሙርና ግእዝ የሚያስተምር፣ ሻይና ዳቦ የሚያቀርብ አንድ አጥቢያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ልጆችን ከመንገድ ያነሣል። ይህ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ቁልፍ የያዘ ሰውና ተራ የሚገባ አገልጋይ ይጠይቃል፤ ከልጆች ጋር ለሚሠሩ ሁሉ አገሪቱ የምትጠይቀውን የማንነት ማጣሪያ አሟልቶ።

አራተኛ፣ በቤት ውስጥ ያለውን ዓመፅ አንሸፍን። «ይለፍ፣ ትዳር ነው» የሚል ሽምግልና ቢላዋ በተነሣበት ቤት ውስጥ ሰላም አያመጣም። የምትፈራ ሚስት ወደ ንስሐ አባቷ ስትመጣ ከምክርና ከጸሎት ጋር ወደ ደኅና ቦታ የምትደርስበት መንገድ ሊነገራት ይገባል። የንስሐ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት በየከተማቸው ያሉትን የመጠለያና የርዳታ ስልኮች አስቀድመው ይወቁ፤ በዚያች ሌሊት ፍለጋ ለመጀመር ጊዜ የለምና።

አምስተኛ፣ ፍርድ የተፈጸመበትን ወጣት አንርሳ። በቢላዋ ተከስሶ የታሰረ የእኛ ልጅ ሲፈታ በስሙ ጠርቶ የሚቀበለው ካላገኘ የሚቀበለው የቀድሞው ቡድኑ ይሆናል። የግላስጎው ሰዎች በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ያቆሙት ከዚያ ሕይወት የወጣውን ሰው ነው። በአጥቢያችን እንዲህ ያለ ወጣት ካለን የምናፍርበት ሳይሆን፣ ለታናናሾቹ ሊነግራቸው የሚችል ምስክር ነው።

የብሪታንያ መንግሥት በዐሥር ዓመት ውስጥ የገባውን ቃል ይፈጽም አይፈጽም ጊዜ ያሳየናል። ክርክሩም ይቀጥላል፤ ነገም ሌላ ዓይነት ስለት ይታገዳል፣ እኛም እገዳውን እንደግፋለን። የአጥቢያ አዳራሽን በማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለመክፈት ግን የፓርላማ ድምፅ አያስፈልግም። የሰበካ ጉባኤያት የዚህን ዓመት ዕቅዳቸውን ሲያወጡ ይህን አንድ ነገር በአጀንዳቸው እንዲይዙት በትሕትና እናሳስባለን። ልጆቻችንን ከመውጋትም ከመወጋትም ልዑል እግዚአብሔር ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።